ሎጋንን ከመቃብሩ ማውጣት ነበረባቸው?

ጥፍር አልባ (ጠያቂ)
ሰላም የፊልም ወዳጆች። ይሄን ነገር ሳነሳ ጓደኞቼ «አንተ ደግሞ መቼም ደስ አይልህም» እያሉ ስለሚዘጉኝ ወደ እናንተ ይዤው መጣሁ።

በ2017 የወጣውን «ሎጋን» ያያችሁ የጀግናውን የሎጋንን (የዎልቨሪንን) መጨረሻ አትረሱትም። ሰውየው አርጅቷል፣ ቁስሉ እንደ ድሮው ቶሎ አይሽርለትም፣ ለማንበብ መነጽር ያደርጋል። ልጁን ላውራን አድኖ ሞተ። እሷም መቃብሩ ላይ የተተከለውን መስቀል ነቅላ፣ አጋድማ ኤክስ አድርጋው ሄደች። «አክተር አይሞትም» እየተባልን ላደግን ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አክተሩ ሞተ፣ ተቀበረ፣ አበቃ።

በ2024 «ዴድፑል እና ዎልቨሪን» ሲጀምርስ? ቀልደኛው ጀግና ዴድፑል የሎጋንን መቃብር ቆፍሮ አጽሙን ያወጣና፣ እየጨፈረ በአጥንቱ ወታደር ይጨርስበታል። ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ሳቁ ሲበርድ ግን ቅር አለኝ። ፊልሙ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስላስገባ የኔን ቅሬታ የሚሰማ ስቱዲዮ የለም። አሁን ደግሞ በ2019ኙ «ኤንድጌም» ክፉውን ታኖስን አጥፍቶ ራሱም የሞተውን ቶኒ ስታርክን (አይረን ማንን) የተጫወተው ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር፣ ዶክተር ዱም የሚባል ክፉ ሰው ሆኖ ሊመለስ ነው። የድሮ ሰው ሲመጣ ደስ የሚለን ታሪኩ ስለፈለገው ነው ወይስ የራሳችንን ትዝታ መልሰው እየሸጡልን?

ሦስተኛው ፒተር
ትዝታ መሸጡንማ ማን ይክዳል? ግን ሁሉንም አንድ ላይ አትጠቅልላቸው። የ2021ዱን የስፓይደርማን ፊልም «ኖ ዌይ ሆም» አስበው። የድሮዎቹ ስፓይደርማኖች ቶቢ ማጓየርና አንድሩ ጋርፊልድ ብቅ ሲሉ ሰው የጮኸው በናፍቆት ነው፣ እሺ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ተመልከት። የአሁኑ ስፓይደርማን ፍቅረኛ ኤምጄ ከነጻነት ሐውልቱ መወጣጫ ላይ ወደቀች። ስፓይደርማኑ፣ የቶም ሆላንዱ ፒተር፣ ሊይዛት ሲወረወር ክፉው ጎብሊን አየር ላይ መትቶ አስቀረው። ጋርፊልድ ዘሎ ያዛት። መሬት አድርሷት ደህና መሆኗን ሲጠይቃት እንባው ይመጣል፤ ጭራሽ እሷ መልሳ «አንተስ?» ትለዋለች።

በጋርፊልድ የ2014ቱ ፊልም ፍቅረኛው ግዌን እንዲሁ ስትወድቅ ድሩ ደርሶላት ነበር፤ ጭንቅላቷ ግን ወለሉን መታ። ሦስተኛው ፊልሙ ስለተሰረዘ ያ ልጅ ሐዘኑን እንደያዘ እዚያው ቀርቶ ነበር። እዚህ ቅጽበት ላይ የግዌንን ስም ማንም አይጠራም፣ የድሮ ምስል አያስገቡም፣ ፊቱን ብቻ ያሳዩናል። ይሄን ሽያጭ ካልከው እንግዲህ ገዝቻለሁ።

የድሮ ኮሚክ
ተረጋጉ እንጂ። ሱፐርማን በ1992 ኮሚኩ ላይ ሞቶ ስንቱ አለቀሰ፤ በ1993 ተመለሰ። እዚህ ሰፈር ሞት የዓመት ፈቃድ ነው።

ኬፕ አልወድም
እኔ የከሸፈውን ላምጣ። «ዘ ፍላሽ»፣ 2023። ማይክል ኪተን ከ1992 በኋላ እንደገና ባትማን ሆነ። ጸጉሩን አንጨብርሮ ከሰው ተደብቆ የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ከዚህ ስንት ታሪክ በወጣ ነበር! እነሱ ግን የድሮ ንግግሩን አስደገሙት፣ ባትዊንግ የተባለውን አውሮፕላኑን አስነዱት፣ ገደሉት።

እሱ አልበቃ ብሏቸው መጨረሻው አካባቢ በ2004 ያረፈውን የድሮውን ሱፐርማን ክሪስቶፈር ሪቭን በኮምፒውተር ሠርተው አቆሙት። እንደ ሐውልት ቆሞ ይታያል፣ በቃ። ሰውየው በሕይወት ቢኖር እሺ ይበል እንቢ ይበል በምን ይታወቃል? ኒኮላስ ኬጅ ደግሞ ሱፐርማን ሆኖ ከግዙፍ ሸረሪት ጋር ይታገላል። ይሄ እንዲያስቅህ ኬጅ ሱፐርማን ሊሆንበት የነበረ፣ ግን ፈጽሞ ያልተሠራ ፊልም ታሪክ ማወቅ አለብህ። ሰውም ሲኒማ ቤቱን አላጥለቀለቀውም። ስለዚህ ጠያቂው እንደሚለው በትዝታ ብቻ ቢሸጥ ኖሮ ይሄኛው ባልከሰረ።

ጥፍር አልባ
የድሮ ኮሚክ፣ ኮሚክ ላይማ ሱፐርማን የተሳለ ነው፣ አያረጅም። ሎጋንን የሚጫወተው ሂዩ ጃክማን ግን ከ2000 ጀምሮ ዓይናችን እያየ ነው ያረጀው፤ የሎጋን ሞት የከበደንም ለዚህ ነው።

የጋርፊልዱን ተቀብያለሁ። መለኪያዬም እሱው ይሁን፦ ያላለቀ ጉዳይ ያለው ይምጣ። ሎጋን ግን ምን ቀርቶት ነበር? ጨርሶ እኮ ነው የሄደው።

ኬፕ አልወድም
ለሎጋን ምንም አልቀረውም፤ የቀረው ለላውራ ነው። በአጥንቱ ተናደህ እዚያው «ዴድፑል እና ዎልቨሪን» ላይ እሳት ዳር ያለውን ትዕይንት ዘለልከው። ልጅቷ አድጋ፣ የአባቷን መልክ ከያዘ ግን አባቷ ካልሆነ፣ ከሌላ ዓለም ከመጣ ዎልቨሪን ጋር ተቀምጣለች። እሱ ደግሞ በራሱ ዓለም ሳይደርስላቸው ጓደኞቹ ያለቁበት ሰካራም ነው። ያንን ቢጫ ልብስ ደጋፊው ስንት ዓመት ሲለምን ነበር! ሰጡን፤ ግን ዝም ብለው አይደለም፦ ጓደኞቹ ልበስ እያሉት እንቢ ብሏቸው የነበረ፣ አሁን በጸጸት የሚለብሰው ልብስ አደረጉት። ከዚህ በላይ ምን ይሁንልህ?

ጥፍር አልባ
ልብሱን ሰጥቼሻለሁ። እዚያው ፊልም ላይ የመጣውን ዌስሊ ስናይፕስንም ጨምሪበት፤ ከ2004 ወዲህ ቫምፓየር አዳኙን ብሌድን ሆኖ አላየነውም ነበር፣ በ2019 አዲስ ብሌድ በሌላ ተዋናይ ይመጣል ተብሎ እሱም ወሬ ሆኖ ቀረ። ስናይፕስ መጥቶ ብሌድ አንድ ብቻ ነው ሲል ነገሩ ገብቶናል። መቃብር ቆፍሮ መጨፈሩን ግን አሁንም አልዋጥኩትም። ዱምስ? እሱ ላይ ማን ይከራከርልኛል?

ሦስተኛው ፒተር
ዱም እኮ ፊቱን ደብቆ የሚኖር ሰው ነው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ፊት ያን ያህል ከፍለው አምጥተው እስከ መጨረሻው ጭምብል ሥር ይተዉታል ብዬ አላምንም። ያወልቃል። ሲያወልቅ እነቶር የቶኒን ፊት አይተው ክንዳቸው ከዛለ፣ ለመምታት ካቅማሙ፣ የዳውኒ መመለስ ምክንያት አለው ማለት ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ መደባደባቸውን ከቀጠሉ ግን ካንተ ጎን ቆሜ እጮሃለሁ።