ከባቄላ ሥር ያወጣሁት ባክቴሪያ ልጋግ ከየትኞቹ ስኳሮች ነው የተሠራው?

ጦሳ ሥር (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። ከኩታበር አካባቢ የባቄላ ሥር ሰብስቤ፣ ከኖጁሉ (ሥሩ ላይ ከሚወጣው እብጠት) ውስጥ ባክቴሪያ አውጥቼ ማኒቶልና እርሾ ባለበት ሚዲያ (የባክቴሪያ ምግብ) ላይ አሳድጌያለሁ። አብዛኛው ኮሎኒ እንደ ተልባ ውሃ ይዝለገለጋል። ፕሌቱን ስገለብጠው ክዳኑ ላይ ይንጠባጠባል። አንዱ ግን ደረቅ ያለ ነው።

አድቫይዘሬ «የልጋጉን ኬሚካላዊ አወቃቀር ጻፊ» ብሎኛል። ማንበብ ስጀምር ግራ ገባኝ። አንዱ ጽሑፍ ተደጋጋሚው ክፍል 7 ግሉኮስና 1 ጋላክቶስ ነው ይላል። ሌላው 5 ግሉኮስ፣ 2 ግሉኩሮኒክ አሲድ (አሲዳማ ስኳር) እና 1 ጋላክቶስ ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ራይዞቢየም ነው፤ ኖጁል ውስጥ ሆኖ ለተክሉ ናይትሮጅን ስለሚያቀርበው ባክቴሪያ። የቱን ልያዝ?

ደግሞ ልጋጉን በአልኮል ሳወርደው፣ ባክቴሪያ ያልገባበት ባዶ ሚዲያም ላይ ነጭ ነገር ወረደ። ከየት መጣ? ደረቁ ኮሎኒስ ራይዞቢየም አይደለም ማለት ነው? ያለን ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ሴንትሪፉጅና ኦቶክሌቭ ነው። ኤንኤምአር (የሞለኪውልን አወቃቀር የሚያሳየው መሣሪያ) የለም።

ቦርከና ኬም

አብሽሪ እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ባክቴሪያዎቹ ናቸው የሚለያዩት።

7 ለ 1 የሚለው ሰክሲኖግላይካን ነው፤ የአልፋልፋ ባክቴሪያ የሆነው ሲኖራይዞቢየም ሜሊሎቲ የሚሠራው። ዋናው ሰንሰለት ላይ አንድ ጋላክቶስና ሦስት ግሉኮስ አሉ። ከጎን የሚወጣው ቅርንጫፍ አራት ግሉኮስ ነው። በላዩ ላይ አሴቲል፣ ሰክሲኒልና ፓይሩቬት ተለጥፈውበታል። ስኳሮቹ ራሳቸው ገለልተኛ ናቸው፤ አሲድነቱን የሚሰጡት ሰክሲኒሉና ፓይሩቬቱ ናቸው።

የባቄላ፣ የአተርና የምስር ባክቴሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራይዞቢየም ሌጉሚኖሳረም ነው። 5፣ 2፣ 1 የሚለው የእሱ ነው። እዚህ ዋናው ሰንሰለት ሁለት ግሉኮስና ሁለት ግሉኩሮኒክ አሲድ አለው። ቅርንጫፉ ሦስት ግሉኮስ ሆኖ ጫፉ ላይ ጋላክቶስ ይቀመጣል። ፓይሩቬት የሚለጠፈውም ወደዚያ ጫፍ ነው። ስለዚህ አሲዱ የተለጠፈ ብቻ ሳይሆን ሰንሰለቱ ውስጥ የገባም ነው። ይሄ ልዩነት ላብ ውስጥ ይጠቅምሻል፤ የግሉኩሮኒክ አሲድ ምርመራ የባቄላውን ከአልፋልፋው ይለይልሻል።

አጀማመራቸውም ይለያያል። ሜሊሎቲ በኤክሶዋይ ጂን አማካኝነት የመጀመሪያውን ጋላክቶስ ያስቀምጣል። ሌጉሚኖሳረም ደግሞ በፒኤስኤስኤ ጂን ግሉኮስ ያስቀድማል። ስለ አልፋልፋው የተጻፈው እጅግ ብዙ ስለሆነ ሰው ሁሉ እሱን ይገለብጣል። አንቺ እንዳታደርጊው። የአኩሪ አተሩ ብራዲራይዞቢየም ጭራሽ ሌላ ነው፤ ማኖስና ጋላክቱሮኒክ አሲድ ያለበት ባለ አምስት ስኳር ክፍል ነው የሚደጋግመው።

የላብ ሰው (ኮምቦልቻ)

ባዶው ሚዲያ ላይ የወረደው ከእርሾው ነው። ሚዲያው ውስጥ ባለው የስት ኤክስትራክት (የእርሾ ጭማቂ) ማናን የሚባል የእርሾ ግድግዳ ፖሊሳካራይድ (ረጅም የስኳር ሰንሰለት) አለ። አልኮል ሲያገኘው ይወርዳል። በፌኖልና በሰልፈሪክ አሲድ ስትለኪው ደግሞ ስኳር ነው ብሎ ይነበባል። ማኒቶሉን አትጠርጥሪ፤ ስኳር አልኮል ስለሆነ በዚያ ምርመራ ቀለም አይሰጥም። ወይ የባዶውን ንባብ ቀንሺ፣ ወይ ከነጭራሹ እርሾ በሌለበት፣ ናይትሮጅኑን ከግሉታሜት በሚያገኝ ሚዲያ አሳድጊ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከፕሌት ላይ ፍቀሽ መለካት ግን ይቅርብሽ። አጋር ራሱ ፖሊሳካራይድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፈሳሹ ወፍራም ከሆነ ሴንትሪፉጁ ሴሎቹን አያወርድልሽም፤ በእኩል መጠን የጨው ውሃ አቅጥኚው። ካጣራሽ በኋላ የፈሳሹን ሦስት እጥፍ የቀዘቀዘ አልኮል ጨምረሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። የወረደውን በውሃ አሟሚና እንደገና አውርጂ። ከዚያ ዲያሊሲስ፤ ትንንሹን ሞለኪውል በሚያሳልፍ ከረጢት አድርገሽ በውሃ ማጠብ ማለት ነው። ንባቡ 490 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ስታንዳርዱ ግሉኮስ። ሰልፈሪኩ ሲገባ ቱቦው በጣም ይግላል፤ መነጽርና ጓንት ሳታደርጊ አትንኪው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቂም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኦቶክሌቩ 15 ፒኤስአይ ቢያሳይም ውስጡ 121 ዲግሪ አይደርስም፤ 117 አካባቢ ይቆማል። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ የናንተ አየር ደግሞ ስስ ነው። ሐረጎን ወርደሽ እኛ ጋ ስትመጪ ትንሽ ይሻላል እንጂ እኛም ብንሆን 121 አንሞላም። ሰዓቱን አርዝሚ፤ ቴርሞሜትር ካለው እሱን እመኚ።

አዲስ ገቢ

ደረቁን ኮንጎ ሬድ የሚባል ቀይ ቀለም ባለበት ሚዲያ ላይ አሳድጊው። ቀለሙን ካልጠጣ ራይዞቢየም ነው፤ አለቀ።

መምህር ከሐይቅ

አላለቀም ልጄ። አግሮባክቴሪየም የሚባለው የአፈር ባክቴሪያም ኮንጎ ሬድ ላይ ነጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ይባስ ብሎ ሰክሲኖግላይካንም ይሠራል። ልጋጉን አይቶ የባክቴሪያውን ዘር መናገር አይቻልም። ኖጁል ውስጥ ባሲለስም ሱዶሞናስም ተደብቀው ይገኛሉ፤ በተለይ ላዩ በበረኪና በደንብ ካልታጠበ። ቁርጡን የሚነግርሽ ተክሉ ነው። አሸዋ አምክኚ፤ ናይትሮጅን የሌለበት ምግብ ስጪው፤ ባቄላ ዝሪበትና ደረቁን ባክቴሪያ ጨምሪበት። ኖጁል አውጥቶ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ራይዞቢየም ነው። ምንም ያልተጨመረበት ባቄላም ጎን ለጎን ይኑርሽ።

የልጋጉ ነገር ለምን እንደሚያስጨንቅ ታሪኩን ልንገርሽ። በ1985 ሌይ፣ ሲግነርና ዎከር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰክሲኖግላይካን መሥራት ያቃታቸውን የሜሊሎቲ ባክቴሪያዎች ለቅመው አወጡ። መንገዳቸው ቀላል ነበር። ካልኮፍሉር የሚባል ቀለም ሚዲያው ውስጥ ይጨመራል፤ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ ልጋጉን የሚሠራው ኮሎኒ ያበራል፤ የማይሠራው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። እነዚያን ጨለማዎቹን አልፋልፋ ላይ ሲያደርጓቸው ኖጁል በቀለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነበር። ባክቴሪያው አልገባም፤ ናይትሮጅንም የለም።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ይደናገራሉ። «ና፣ ኖጁል ሥራ» የሚለውን መልእክት የሚያደርሰው ኖድ ፋክተር ነው። እሱ ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን፣ ጫፉ ላይ የስብ አሲድ ያለው። ልጋጉ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሥር ፀጉር ውስጥ ባለው ጠባብ የመግቢያ ቱቦ ለማለፍ። በ2015 ደግሞ ሎተስ በተባለ ተክል ላይ ልጋጉን ራሱን የሚያውቅ ተቀባይ ፕሮቲን ተገኘ። ተክሉ የሚመጣውን ባክቴሪያ በስኳሩ ይመረምረዋል ማለት ነው።

ሁሉም ተክል ግን እኩል አይጠይቅም። የሌጉሚኖሳረም ልጋግ አልባ ዝርያዎች አተር ላይ አቅቷቸው ቦሎቄ ላይ ግን ኖጁል ሠርተዋል። ስለዚህ ያንቺ ደረቅ ኮሎኒ ባቄላ ላይ ከሠራ በጣም ደስ የሚል ግኝት ነው። ካልሠራም አይገርምም።

ኩታበር አግሮ

መምህር፣ እናመሰግናለን። እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይሄ ሁሉ ለገበሬው ምን ያደርግለታል?

መምህር ከሐይቅ

ባክቴሪያው ዘሩ ላይ ተቀብቶ መሬት እስኪገባ ድረስ ትልቁ ጠላቱ ድርቀት ነው። ልጋጉ ውሃ ይይዛል፤ ሴሉ ቶሎ እንዳይደርቅ ያግዘዋል። ቢሆንም ልጋግ አለው ብለህ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው። ዘሩ በጥላ ሥር ይለወስ፤ ወዲያው ይዘራ፤ አፈር ይልበስ። የፈንገስ መድኃኒት ከተቀባ ዘር ጋር አይገናኝ። ለቆላው ማሾ ደግሞ የባቄላው ፓኬት አይሆንም፤ ማሾ የሚፈልገው ብራዲራይዞቢየም ነው።

ጦሳ ሥር

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የአሸዋውን ሙከራ እጀምራለሁ። ቦርከና፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አድቫይዘሬ «የላይኛው ገጽ ፖሊሳካራይዶች» ነው ያለው፣ በብዙ ቁጥር። ልጋጉ ብቻውን ይበቃል?

ቦርከና ኬም

አይበቃም። ልጋጉ ከሴሉ ተለይቶ የሚወጣው ነው። ከሴሉ ጋር የተጣበቀው ኤልፒኤስ (ሊፖፖሊሳካራይድ፣ ስብና ስኳር የተያያዙበት) ነው፤ የውጭው ሽፋን ላይ የተተከለ። ሦስት ክፍል አለው፦ ሊፒድ ኤ፣ መሐል ያለው አጭር የስኳር ክፍል፣ ወደ ውጭ የሚረዝመው ኦ-አንቲጅን። የሌጉሚኖሳረም ሊፒድ ኤ ከኢ ኮላይ በጣም ይለያል። ፎስፌት የለውም፤ በቦታው ጋላክቱሮኒክ አሲድ አለ። ባለ 28 ካርበን ረጅም የስብ አሲድም ይዟል። ይሄን ለማውጣት ትኩስ ፌኖል ስለሚያስፈልግ ላባችሁ ካልፈቀደ በንባብ ክፍል ብቻ ጻፊው።

ከዚያ ክብ ግሉካን አለ። ግሉኮስ ብቻ ነው፤ ቀለበት ሠርቶ የተያያዘ። በሜሊሎቲ ከ17 እስከ 25 ግሉኮስ ይደርሳል። በብዛት የሚቀመጠው በሁለቱ ሽፋኖች መሐል ነው፤ ወደ ውጭም ይወጣል። አስተውዪ፤ የተለመደው የዲያሊሲስ ከረጢት ከ12 ሺህ ዳልተን በታች ያለውን ያሳልፋል። ክብ ግሉካን ደግሞ 3 እና 4 ሺህ ቢሆን ነው። ስለዚህ ከማጠቢያው ውሃ ጋር ይሄድብሻል። የተቆራረጠ አጭር ልጋግም እንዲሁ። የምትለኪው ረጅሙን ብቻ መሆኑን ጻፊ።

በተጨማሪ ሌጉሚኖሳረም ግሉኮማናን ይሠራል። ባክቴሪያውን የአተር ሥር ፀጉር ጫፍ ላይ ካለው ሌክቲን (ስኳር የሚይዝ ፕሮቲን) ጋር የሚያያይዘው እሱ ነው። ይሄ ገለልተኛ ነው። አሲዳማውን ልጋግ ከእሱና ከእርሾው ማናን ለመለየት ሲቲኤቢ የሚባለውን ሳሙና ነክ ኬሚካል ጨምሪ። አሲዳማው ይወርዳል፤ ገለልተኛው ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ዋጋውም እንደ ኤንኤምአር አያስፈራም።

ጦሳ ሥር

ከዚያ በኋላ 5፣ 2፣ 1 መውጣቱን በምን አውቃለሁ?

ቦርከና ኬም

እሱን እንኳ አታገኚውም። የወረደውን በአሲድ ቀቅለሽ በስስ ሲሊካ ሰሌዳ ላይ ለዪው። የግሉኮስ፣ የጋላክቶስ፣ የማኖስና የግሉኩሮኒክ አሲድ ስታንዳርድ ጎን ለጎን አስቀምጪ፤ ግሉኮስና ጋላክቶስ ይጠጋጋሉ። ማኖስ ከታየ ማናን ወይም ግሉኮማናን ቀርቷልና ማጥራቱ አላለቀም። የግሉኩሮኒክ አሲድ ማያያዣ ግን ለአሲድ በቀላሉ አይበገርም። ሙሉ በሙሉ ስለማይፈታ ነጠብጣቡ ከእውነቱ ሳስቶ ይታያል። ለዚያ ክፍል ሳትቀቅዪ በካርባዞል (ለአሲዳማ ስኳር በሚሆነው የቀለም ምርመራ) ለኪው። በፌኖሉ መንገድ ብቻ ከለካሽ ያንስብሻል፤ ዩሮኒክ አሲድ (ግሉኩሮኒክ አሲድን የመሰለ አሲዳማ ስኳር) በደንብ የሚታየው 490 ላይ ሳይሆን 480 ላይ ነው።

ርዕስሽን ደግሞ አድቫይዘርሽን አስፈቅደሽ «የስኳር ይዘት» በይው። አወቃቀር ለማለት የትኛው ካርበን ከየትኛው እንደተያያዘ ማሳየት አለብሽ። ለዚያ ሜቲሌሽንና ጂሲ-ኤምኤስ፣ ከዚያም ኤንኤምአር ያስፈልጋል። አድርቀሽ ካስቀመጥሽው ናሙናው ይቆያል፤ መሣሪያው ያለበት ቦታ ስታገኚ ትልኪዋለሽ።