ቡሬት ሳልጨብጥ የላብራቶሪ ፈተና ደረሰብኝ፤ ምን ላድርግ?

የሆጤዋ ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ የኬሚስትሪ የላብራቶሪ ፈተና ይጠብቀኛል። ፈተናው ከጠቅላላው ውጤት 30 ከመቶ ይይዛል። በሴሚስተሩ ላብ የገባነው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ በአራቱም ጊዜ ከ40 በላይ ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ከብበን መምህሩ ሲሠራ አንገታችንን አስግገን ተመለከትን። ታይትሬሽን (አንዱን ፈሳሽ በሌላው ላይ ጠብ እያደረጉ ጥንካሬውን ማግኘት) በተሠራበት ቀን እኔ ከኋላ ቆሜ ስለነበር ያየሁት የቡሬቱን (ፈሳሹ ጠብ የሚደረግበትን፣ ቁጥር ያለበትን ረጅም የመስታወት ቱቦ) የላይኛውን ጫፍና የመምህሩን ክንድ ብቻ ነው። በመጨረሻ ንባቦቹ ሰሌዳ ላይ ተጻፉልን፤ ሁላችንም ያንኑ ቁጥር ገልብጠን ሪፖርት አስገባን፤ ሁላችንም ጥሩ ማርክ አገኘን። አሁን ግን እያንዳንዳችን ለየብቻችን ቆመን፣ የጥንካሬው መጠን ያልተነገረን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተሰጥቶን፣ በ0.1 ሞላር (ሞላር የጥንካሬ መለኪያ ነው) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጥንካሬውን እንድናገኝ ተነግሮናል።

ስሌቱን አላጣሁትም፤ በወረቀት ስጠየቅ እሠራዋለሁ። የቸገረኝ እጄ ነው። ቪዲዮዎች ተመልክቻለሁ፣ ነገር ግን በቪዲዮ ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ሙከራ ይሳካል። በቀረኝ ጊዜ ምን ብለማመድ ይሻለኛል? ወይስ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አቤቱታ ብናቀርብ?

ቦርከና፦

እህቴ፣ አብሽሪ። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላብ እሠራለሁ። የቦይለር ውሃ በየጠዋቱ በታይትሬሽን ስለምንለካ ቡሬት በእጄ እንደ ጀበና የተለመደ ዕቃ ሆኗል። በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ቁጥሩን ገልብጬ ነበር ያነበብኩት። የቡሬት ዜሮ ከላይ፣ 50 ደግሞ ከታች መሆኑን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ዓይኔ ግን እንደ ሲሊንደር ከታች ወደ ላይ መቁጠር ስለለመደ 24.3 የሆነውን 25.7 ብዬ መዘገብኩ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማንበብን ተለማመጂ፤ ዓይንሽን ከፈሳሹ እኩል አድርገሽ የጎበጠውን የታችኛውን ጠርዝ ብቻ ተመልከቺ።

ቡሬቱን በተጣራ ውሃ ካጠብሽ በኋላ በሚሞላበት በራሱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ አለቅልቂው፤ ፒፔቱንም (አሲዱን ለክተሽ የምትወስጅበትን ቱቦ) እንዲሁ በአሲዱ። አሲዱ የሚገባበትን ሾጣጣ ጠርሙስ፣ ኮኒካል ፍላስኩን፣ ግን ከተጣራ ውሃ በቀር በምንም አታለቅልቂው፤ በአሲዱ ካለቀለቅሽው ግድግዳው ላይ የሚቀረው አሲድ በፒፔት ለክተሽ በጨመርሽው 25 ሚሊ ሊትር ላይ ይደመርብሻል። ፈታኝ ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። በፒፔቱ ጫፍ የምትቀረውን ጠብታ እፍ ብለሽ አታውጪያት፤ ፒፔቱ ሲሠራ እሷም ታስባ ነው። ቡሬቱን ከሞላሽ በኋላ ደግሞ ፈነሉን አንሺ፤ ከመክፈቻው በታች ባለችው ቀጭን ጫፍ የአየር አረፋ ካለ መክፈቻውን አንዴ በደንብ ከፍተሽ አስወጪው።

ግራ እጅሽ መክፈቻውን ከኋላ አቅፎ ይያዝ፤ ቀኝ እጅሽ ፍላስኩን ያሽከርክር። አሲዱ ላይ ጠብ የምታደርጊው ፊኖልፍታሊን አሲዱ ሲያልቅ ሮዝ የሚሆን ቀለም አመልካች ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሮዝ ቀለሙ ብልጭ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። ለመጥፋት መዘግየት ሲጀምር ፍጥነቱን ቀንሰሽ ጠብታ በጠብታ አድርጊው። የምትጠብቂው ደማቅ ሮዝ አይደለም፤ ከፍላስኩ ሥር ነጭ ወረቀት አንጥፈሽ ስታዪው አለ ወይስ የለም የሚያሰኝ፣ ለ30 ሰከንድ ያህል የሚቆይ ፈዛዛ ቀለም ነው። ከደመቀ አልፈሽዋል።

የፒያሳው፦

ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በተማሪዋ እጅ ላይ የጣልነው ይመስለኛል። ያልተማሩትን መፈተን ፍትሐዊ አይደለም። የክፍሉ ተወካይ ፊርማ አሰባስቦ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤ ቢጽፍ ቢያንስ ፈተናው ሊራዘም ይችላል። ዝም ከተባለ የሚቀጥሉትም ተማሪዎች ሰሌዳ ሲገለብጡ ይኖራሉ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ አቤቱታ አይቅረብ አልልም፤ ቅደም ተከተሉን ግን እለውጠዋለሁ። ፈተናው እንዲራዘም የሚጠይቅ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ቀኑ ያልቃል። ላቡ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይከፈትልን ብሎ ለላብ ቴክኒሻኑ በትሕትና የቀረበ ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን መልስ ያገኛል። ደብዳቤው ከፈተናው በኋላ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ የደካማ ተማሪ ማምለጫ ነው የሚል አይኖርም። ከተማችን በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ስትያዝ ከትምህርት ተቋማት የላብ ዕቃ ሳይቀር ተዘርፏልና፣ የዕቃ እጥረት ሲባል ሁልጊዜ ሰበብ ነው ብዬ አልፈርድም። ንባብን በሰሌዳ ጽፎ ማስገልበጥን ግን እጥረት አያመካኘውም።

በዚህ ነገር ላይ የቆየ ቅሬታ ስላለኝ ትንሽ ልጨምር። ሳስተምር በየዓመቱ ተማሪዎቼን የውሃ መፍያ ነጥብ አስለካ ነበር። ማንዋሉ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይላል፤ ይህ ግን ለባሕር ወለል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ውሃውም 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ወደ 94 ይጠጋል። ደሴ ላይ የደረቀ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለውም ስለዚሁ ነው። ቴርሞሜትሩ ዓይናቸው ሥር 92 እያሳየ ከተማሪዎቼ ግማሽ ያህሉ 100 ብለው ይጽፉልኝ ነበር። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ያሉኝም አሉ። 92 የጻፈውን ልጅ ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ከእነሱ አብልጬ ማርክ እሰጠው ነበር።

አንቺ ልጄ፣ ላቡ እስኪከፈት ድረስ እቤትሽ ሆነሽ እጅሽን አለማምጂው። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅለሽ ውሃውን አጥልዪ፤ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ላይ ስትጨምሪው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከዚያ ከፋርማሲ በተገዛ፣ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጊበት። ለውጡ እንደ ፊኖልፍታሊን በአንዲት ጠብታ የሚታይ አይደለም፤ አረፋም ይበዛዋል። ቢሆንም ጣትሽ ጠብታን መቆጣጠር ይለምዳል።

የሆጤዋ ተማሪ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስድስት ሆነን ቴክኒሻኑን አነጋገርነው፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ላቡን ለሁለት ሰዓት ያህል ፈቀደልን። መጀመሪያ በውሃ ብቻ ሞልተን ስናነብ ስድስታችን ለአንድ ቡሬት አራት የተለያዩ ንባቦች ሰጠን። አንዲቷ ጓደኛዬ ቦርከና እንዳለው ከታች ወደ ላይ ነበር የቆጠረችው። ከዚያ ወደ አሲዱ ገባን። የመጀመሪያው ሙከራዬ አምልጦኝ ፍላስኩ ደማቅ ሮዝ ሆነ፤ 25.10 አነበብኩ። የቀጠሉት ሦስቱ 24.30፣ 24.25 እና 24.30 ናቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ በፈተናው እንዲህ ቢያጋጥመኝ የመጀመሪያውን ቁጥር ከሰንጠረዡ ላጥፋው?

ቦርከና፦

አታጥፊው። የመጀመሪያ ሙከራ ብለሽ በቦታው ተዪው፤ አማካዩን ግን ከሦስቱ ብቻ አውጪ። 24.28 ይመጣልሻል፤ በ0.1 አባዝተሽ ለ25 ስታካፍዪው አሲድሽ 0.0971 ሞላር ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ክፍት ሲቀመጥ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 0.1 ከጊዜ በኋላ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ እኛ ከመጠቀማችን በፊት መጠኑን እንደገና እናረጋግጣለን። አንቺ ግን በፈተናው ሌላ ካልተነገረሽ በተሰጠሽ ቁጥር አስዪ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ቡሬቱን ልክ ዜሮ ላይ ለማቆም ጊዜሽን አታባክኚ። ፈሳሹ 0.15 ላይ ከቆመ መነሻውን 0.15 ብለሽ ጻፊና ከመጨረሻው ንባብ ላይ ቀንሺው።