አዲሱ ሞኒተሬ ከ1024 በ768 አላልፍ አለኝ፤ የአማርኛ ፊደል መለየት አቃተኝ

ጸሐፊዋ ከኮዬ፦
ጤና ይስጥልኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የድሮው ሞኒተር ስለተበላሸ 1920 በ1080 ነጥብ (ፒክሰል) የሚያሳይ ያገለገለ ገዝቼ በቪጂኤ ኬብል ሰካሁት። ምስሉ ይመጣል። ግን ከ1024 በ768 በላይ ምርጫ የለውም። ሁሉ ነገር ወደ ጎን ተለጥጧል፣ ፊደሉም ደብዝዟል።

እንግሊዝኛው እንደምንም ይነበባል። አማርኛው ነው የቸገረኝ። «ብርሃነ» እና «ብርሃኑ» ስክሪኑ ላይ አንድ ናቸው። ውል ላይ የሰው ስም ከተሳሳተ ባለጉዳዩ ነው የሚንከራተተው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ስም አጉልቼ አነባለሁ። ወረፋው ደግሞ በር ላይ ነው። አንድ ልጅ ፎርማት ይደረግ (ሁሉም ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጫን) አለኝ። የደንበኞቼ ፋይል ሁሉ እዚያ ነው ያለው። እባካችሁ ሌላ መላ ካለ ንገሩኝ።

ሰሚት ልጅ፦
ድራይቨር (ምስል የሚያወጣውን ክፍል የሚያሠራው ፕሮግራም) ይሆናል። ዲቫይስ ማናጀር ግቢና ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ክፈቺው። «ማይክሮሶፍት ቤሲክ» ካለ ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ነው።

ጸሐፊዋ ከኮዬ፦
አየሁት ወንድሜ፣ «ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ» ነው የሚለው። ሞኒተርስ በሚለው ሥር ግን «ጀነሪክ ነን ፒኤንፒ ሞኒተር» ይላል።

ጥገና ቱሉ ዲምቱ፦
እህቴ፣ ፎርማት እንዳታደርጊው! ድራይቨሩ ደህና ነው። «ነን ፒኤንፒ» ካለ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን አላወቀውም። ሞኒተር ሲሰካ አቅሙን የሚገልጽ መረጃ ይልካል፤ ኢዲአይዲ ይባላል። እሱ ካልደረሰ ኮምፒውተሩ ዝቅ ያለውን ይዞ ይቀመጣል። ቪጂኤ ላይ መረጃው የሚያልፈው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን (ኬብሉ ጫፍ ላይ ባሉት ቀጫጭን መርፌዎች) ነው። ቀለሙ በ1፣ በ2 እና በ3 ስለሚመጣ ምስሉ አይቋረጥም። ብዙ ሰው ኬብሉን የማይጠረጥረው ለዚህ ነው።

ኮምፒውተሩንም ሞኒተሩንም አጥፊና ኬብሉን ንቀዪ። ሰፊውን ጎን ወደ ላይ አድርገሽ ፒኖቹን ፊት ለፊት እዪ። ከታችኛው ረድፍ፣ ከግራ ሁለተኛው 12፣ የመጨረሻው 15 ነው። በመካከለኛው ረድፍ አራተኛው ቦታ ባዶ ቢሆን አትደንግጪ፤ 9ኛው ፒን ብዙ ኬብል ላይ ሲሠራም የለም። የጎበጠ ካለ በቀጭን ወረንጦ ቀስ ብለሽ አቅኚው። የኬብሉን ሁለቱንም ጫፍ እዪ። አንዳንድ ርካሽ ኬብል ፒኑ እያለ ውስጡ ሽቦ የለውም፤ እሱን መቀየር ነው።

ጸሐፊዋ ከኮዬ፦
በሞኒተሩ በኩል ያለው ጫፍ ላይ 12ኛው ጎብጦ ከጎኑ ካለው ጋር ተጣብቋል። አቃናሁት፣ 1920 በ1080 መጣ! «ነ» እና «ኑ» ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ግን ጽሑፉ አነሰብኝ።

ጥገና ቱሉ ዲምቱ፦
እሰይ! ሪዞሉሽኑን (1920 በ1080 የሚለውን) እንዳትነኪው፣ መልሶ ያደበዝዝብሻል። ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ስኬል (የጽሑፉ መጠን) የሚለውን 125 ፐርሰንት አድርጊው። የኬብሉን ሁለት ብሎኖችም አጥብቂያቸው፤ ላልቶ ሲወዛወዝ ነው ፒን የሚጎብጠው።