ጎትቼ ልውሰዳት ወይስ ልተዋት? ትምህርት ቤት አልሄድም ስላለችው ልጄ

እናት ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። የጭንቀት ሕመም እንዳለባት ሐኪም ነግሮናል። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መገናኘት ጀምራለች። ምክሩን እሰማለሁ፣ እረዳለሁም። ያቃተኝ ጠዋቱ ነው።

እሁድ ከሰዓት ጀምሮ ፊቷ ይለዋወጣል። ማታ ቦርሳዋን ራሷ ታዘጋጃለች፣ ደብተሮቿን በክፍለ ጊዜያቸው ትደረድራለች፣ «ነገ እሄዳለሁ» ትለኛለች። ስትለኝ ደግሞ ከልቧ ነው። ጠዋት ስቀሰቅሳት ሆዷን ይዛ ተጠቅልላ አገኛታለሁ። ባለፈው እንደምንም ዩኒፎርሟን ለበሰች። የአንድ እግሯን ጫማ ክር አሰረች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ ክሩ አልያዝ አላት። እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለች።

«በቃ ዛሬ ቅሪ» ያልኳት እንደሆነ ሆዷ ወዲያው ይተዋታል። ረፋዱ ላይ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ስትስቅ እሰማታለሁ። አባቷም ይሄኔ ነው «አየሽ? ደህና እኮ ናት፣ አሞላቀቅሻት» የሚለኝ። የደምም የሆድም ምርመራ ተደርጎላታል፣ ምንም አልተገኘም።

ከዘመድ ግማሹ «ጎትተሽ ውሰጃት፣ ትለምደዋለች» ይላል። ግማሹ «ተያት፣ ጤናዋ ይቀድማል» ይላል። ሐኪሙ ደግሞ መድኃኒት ቢጀመርስ የሚል ሐሳብ አንስቷል፣ እሱም አስፈርቶኛል። ያለፈበት ሰው ካለ «አይዞሽ» ብቻ ብሎ እንዳያልፈኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ምን ላድርግ?

የልጆች አባት፦
እህቴ፣ የኔ ልጅ 11 ዓመቱ ላይ ነበር የጀመረው። ለባለቤትሽ አንድ ነገር ንገሪው፤ ልጅቷ አታስመስልም። ጭንቀት እውነተኛ ቁርጠት ያመጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያሳምማል። «ቅሪ» ሲባል መልቀቁም የሕመሙ ባሕርይ ነው። ችግሩ ያ እፎይታ ነው። በቀረች ቁጥር «ስቀር ይሻለኛል» የሚለውን ሰውነቷ ይማረዋል። የነገው ጠዋት ከዛሬው የሚከብደው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ተያት» የሚለው ምክር የዋህ ይመስላል እንጂ ልጅቷን ይበልጥ ያስራታል። ጎትቶ መውሰድም ፍርሃቱን አያጠፋውም። በዚያ ላይ ካንቺ ጋር ያጣላታል።

እኛን የጠቀመን ጠዋት ላይ ምንም አለመደራደር ነው። የሚወሰነው ማታ ነው፣ ሁሉም ሰው ተረጋግቶ ሳለ። «ነገ ሙሉ ቀን ትማራለህ» አንልም። «ነገ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ገብተህ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠህ ትወጣለህ» እንላለን። ከተለማመደው በኋላ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከዚያ እስከ እረፍት። ዋናው ነገር መውጫው በሰዓት መሆኑ ነው። ግማሽ ሰዓት ከተባለ ግማሽ ሰዓት። ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ካወጣሽው ያው ቤት መቅረት ነው። ትንሽ ከቆየ ግን ራሱ ይበርዳል፣ ልጁም ሲበርድ ያየዋል።

ቤት የሚውልበት ቀን ደግሞ በትምህርት ሰዓት ስልክና ቴሌቪዥን የለም። ቅጣት አይደለም፣ ተቆጥተንም አይደለም። ቀኑ የትምህርት ቀን ስለሆነ ብቻ።

ማን ይፈራል፦
በኛ ጊዜ እንዲህ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ቆንጠጥ ይበቃ ነበር።

የልጆች አባት፦
በኛ ጊዜም ነበር። ትምህርታቸውን አቋርጠው ቀርተው «ሰነፍ» የተባሉትን ቁጠራቸው እስቲ።

የትምህርት ቤት ካውንስለር፦
በሥራዬ ብዙ እንዲህ ያሉ ልጆች አያለሁ። የሚፎርፍ ልጅ ከወላጅ ተደብቆ ነው የሚጠፋው። ያንቺ ልጅ ያለችው ቤት ነው፣ አንቺም ታውቂያለሽ፣ መሄድም ትፈልጋለች። የተለየ ነገር ነው። ለመምህራኑም ይህንኑ ንገሪያቸው።

«ለምን አትሄጂም?» ብለሽ አትጠይቂያት። «አላውቅም» ነው የምትልሽ፣ ደግሞም እውነቷን ነው። የትምህርት ፕሮግራሟን ወረቀት አውጥተሽ ከጎኗ ተቀመጪ። እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ፣ እረፍቱን፣ ሰልፉን፣ መንገዱን ከ0 እስከ 10 በፍርሃት መጠን ነጥብ ትስጠው። አብዛኛውን ጊዜ ከባዶቹ ሁለት ሦስት ቦታዎች ብቻ ናቸው። የሚያስፈራራት ልጅ ካለ ወይም ማንበብ የሚያስቸግራት ከሆነም እዚህ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለው ነገር በልምምድ አይፈታም፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ማስተካከል አለበት።

ከዚያ ትምህርት ቤቱን ሁለት ነገር ለምኚ። ከሰልፍ በኋላ እንድትገባ ይፍቀዱላት። ስትገባ የሚቀበላት አንድ የታወቀ ሰው ይኑር።

ስለ መድኃኒቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 488 የጭንቀት ሕመም ያለባቸው ልጆች ተካፍለውበታል። ከ12 ሳምንት በኋላ በንግግር ሕክምና ብቻ 60 በመቶ፣ ሰርትራሊን በተባለው መድኃኒት ብቻ 55 በመቶ ያህሉ ተሽሏቸዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ካገኙት 81 በመቶ፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 24 በመቶ። ስለዚህ ሐኪሙ ያለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ግን ይህ የመድኃኒት ዓይነት በአንዳንድ ልጆች ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊያመጣ ስለሚችል የቅርብ ክትትል ይፈልጋል። መድኃኒት ኖረም አልኖረ፣ «ባልኖር ይሻላል» ዓይነት ንግግር ከሰማሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

ያ ልጅ ነበርኩ፦
እኔ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። 8ኛ ክፍል ላይ ለረጅም ጊዜ ቀርቼ ነበር። መጀመሪያ ያስቀረኝ ሌላ ነገር ነው። ከቆየሁ በኋላ ግን ያስፈራኝ «የት ጠፋህ?» የሚለው ጥያቄ ሆነ። ምን ልበላቸው? በቀረሁ ቁጥር መልሱ ይከብዳል። እህቴ ናት የገላገለችኝ። «አሞኝ ነበር፣ አሁን ይሻለኛል» በል፣ ከዚያ «ሒሳብ የት ደረሳችሁ?» ብለህ ጠይቅ አለችኝ። መስታወት ፊት አለማመደችኝ። ማንም ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም! ለልጅሽ የራሷን መልስ አዘጋጁላት፣ ቃላቱን ግን እሷ ትምረጣቸው።

እናት ነኝ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ፕሮግራሙን አብረን አየነው። ሒሳብን 3 ሰጠችው፣ እኔ ደግሞ ሒሳብ ነበር የምጠረጥረው። 10 ያገኘው የምሳ ሰዓት ነው። ቅርብ ጓደኛዋ ትምህርት ቤት ቀይራለች፣ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ አታውቅም። ይህን ያህል ጊዜ አንዴም አልነገረችኝም።

ትምህርት ቤቱን አነጋግሬ በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እንድታግዝ ተስማምተናል። የሚያደርሳት አባቷ ነው። እኔ በር ላይ እንባዬ ይቀድመኛል፣ እሷም ታየኛለች። እሱም ጥናቱን ካነበበ ወዲህ «አሞላቀቅሻት» ማለቱን ትቷል። እስካሁን እስከ እረፍት ድረስ ትቆያለች። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ድንገት አልሄድም ብትልስ?

የትምህርት ቤት ካውንስለር፦
ትላለች፣ ጠብቂው። በተለይ ከጉንፋን ወይም ከረጅም ዕረፍት በኋላ። ያን ቀን አንድ ደረጃ ብቻ ወደኋላ ተመለሱ። እስከ እረፍት ትቆይ ከነበረ ያን ቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ይብቃት፣ ግን በሩን ትለፍ። ዕረፍቱ ከማለቁ በፊት ደግሞ ባዶ ግቢውን አንድ ጊዜ አብራችሁ ዞር ዞር በሉበት።