ባለ 6,500 ብሩ ታብሌት ለ9ኛ ክፍል ልጅ ይሆናል?

የደምበጫው መምህር

ሰላም ወገኖች። ደምበጫ የምኖር የሂሳብ መምህር ነኝ። ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታለች። የመማሪያ መጽሐፉ ለ3 ልጅ 1 ስለደረሳቸው ፒዲኤፉን በእኔ ስልክ ነው የምታነበው። ማታ ማታ እሷ «አባዬ ትንሽ ቆይ»፣ እኔ «ሰው ይደውልልኛል» እየተባባልን ግብግብ ሆነናል። ትንሽ ታብሌት ልገዛላት አስቤ ቅዳሜ ማርቆስ ሄድኩ።

አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት አየሁ። አንዱ አዲስ ነው፤ ስሙን ሰምቼው አላውቅም። 7 ኢንች፣ ካርቶኑ ላይ «12 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ» ይላል፤ ራሙ ዕቃው ሲሠራ የሚጠቀምበት፣ 512ቱ ፋይል ማስቀመጫው መሆኑ ነው። 6,500 ብር፤ ሽፋንና የጆሮ ማዳመጫ ምርቃት። ሌላው ያገለገለ ሳምሰንግ ታብ ኤ7 ላይት ነው። 3 ጊጋ ራም፣ 32 ጊጋ ብቻ፣ ጥጉ የተጫረ። 9,000 ይሉታል። ባለሱቁ «መምህር፣ ቁጥሩን እያዩ ምን ያመነታሉ?» አለኝ። 512 የ32 16 እጥፍ መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ሆዴ እሺ አላለም። የእኔ ስልክ 4 ጊጋ ራም ሆኖ ከዚያ በላይ ነው የወጣበት። 12ቱ እንዴት ረከሰ?

ያለኝ 9,500 ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠጋኙ፣ ማርቆስ

መምህር፣ ሆድዎ ልክ ነው። ስልክና ታብሌት እጠግናለሁ። እንደዚህ ዓይነት ስም የለሽ ዕቃ ከፍቼ ያየሁት ሁሉ ውስጡ ያለው ራም 1 ወይ 2 ጊጋ ነው። ሴቲንግ ላይ የሚታየው ቁጥር በሶፍትዌር የተጻፈ ነው፤ የፈለጉትን ያጽፉበታል። ባለሱቁንም ሌባ አልለውም። እሱም ካርቶኑን አንብቦ ነው የሚሸጠው።

ሲፒዩ ዜድ የሚባል፣ የዕቃውን ውስጥ የሚያሳይ አፕ አለ፤ ጭነው ይዩት። አንድሮይድ 13 ነው ካሉዎት ኤፒአይ ሌቨል የሚለው ቦታ (የአንድሮይዱን ስሪት የሚያሳይ ቁጥር ነው) 33 ማለት አለበት። 27 ካለ አንድሮይድ 8.1 ነው፣ ስሙን ቀይረው የለጠፉት። አንዳንዱ ግን አፑንም ይሸውዳል። ስለዚህ 32 ጊጋ ፍላሽ ሙሉ ፊልም ይዘው ይሂዱና ይገልብጡበት። ከዚያ መጨረሻ የገባውን ፊልም ይክፈቱ። 512 ያለው ዕቃ 32 ሊያንቀው አይችልም።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያናድደኝ ስክሪኑ ነው። እነዚህ 7 ኢንቾች አብዛኞቹ ስክሪናቸው 1024 በ600 ነጥብ ነው። ታብሌቱን አቁመው አንድ የመጽሐፍ ገጽ ሲከፍቱ ለወርዱ ያለዎት 600 ነጥብ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል እንደምንም ይነበባል። የእኛ ግን ልዩነቱ ያለው ቅጥያው ላይ ነው። «ሉ» መሃል እግሩ ላይ፣ «ሊ» ታች ጫፉ ላይ። በዚህ ስክሪን ሁለቱም አንድ ጭረት ይሆናሉ። ልጅቷ ገጽ በገጽ ስታጎላና ስትጎትት ልትውል ነው። ኤ7 ላይት 8.7 ኢንች፣ 1340 በ800 ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን ያስነብባል።

ያገለገለውንም ዝም ብለው አይውሰዱ። ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ያስተኙትና በጣትዎ ያሽከርክሩት። እንደ እንዝርት ከዞረ ባትሪው አብጧል፤ ትተውት ይውጡ። አካውንት የሚለው ውስጥ የሌላ ሰው ጂሜይል ካለ እዚያው ያስወጡ። ከዚያ ሪሴት አስደርገው፣ ከስልክዎ ሆትስፖት ሰጥተው እስከ መጨረሻው ያስነሱት። የድሮው ባለቤት ፓስወርድ ከጠየቀ ሳይከፍሉ ይመልሱ። ሳያዩ ገዝተው እኔ ጋ የሚመጡ አሉ። እኔ ምን ላድርጋቸው?

እመ ብርሃኑ፣ ቢቸና

እኔ ተበልቻለሁ መምህር። አምና ለልጄ እንደዚያው ዓይነት ገዛሁለት፣ ያ 256 ይል ነበር። መጀመሪያ ሸጋ ነበር። ልጁ የደብተሩን ፎቶ እያነሳ፣ የትምህርት ቪዲዮ እያጠራቀመ ቆየ። አንድ ቀን ሊከፍት ሲል ፎቶው ሁሉ ግራጫ ሆነ። ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም። ለፈተና 2 ሳምንት ሲቀረው! ይዤ ብመለስ «ካርቶኑ ተከፍቷል እኮ እትዬ» አሉኝ። ሳይከፈት ሊበላሽ ኖሯል? ዛሬ ዶሮዎቼ ውሃ የሚጠጡበትን ጣሳ ከድኜበታለሁ።

አባይ ማዶ

ውጭ ዘመድ ካለዎት አማዞን ፋየር 7 ላኩልኝ ይበሉ፣ እዚያ ርካሽ ነው።

ጠጋኙ፣ ማርቆስ

እሱም ስክሪኑ ያው 1024 በ600 ነው ወንድሜ። ጎግል ፕሌይም አብሮት አይመጣም። ያንን አስጭኑልኝ እያሉ ነው ሰዎች የሚመጡት።

የደምበጫው መምህር

እግዜር ይስጥልን። ትናንት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ፍላሹን ሳወጣ ባለሱቁ ሳቀ። 19 ጊጋ አካባቢ ሲደርስ መሳቁን ተወ። ተጣብቆ ቀረ። ካርቶኑን አገላብጦ ሲያየው አሳዘነኝ፣ መደርደሪያው ላይ ሌላ 4 አሉት።

የአማርኛ መጽሐፏንም ከፍቼ «ሉ»ን ፈለግኳት። አጣኋት።

ሳምሰንጉ ጠረጴዛው ላይ አልዞረም፣ ድፍት ብሎ ቀረ። ሴቲንግ ውስጥ ግን የአንድ ሰው ጂሜይል ተቀምጦ ነበር። አስወጥተን፣ ሪሴት አድርገን፣ በእኔ ሆትስፖት አስነሳነው። አልጠየቀም። ሲነሳ ቀርፈፍ ይላል፣ አልዋሽም። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከከፈቱበት ያስባል። በ8,600 ተስማማን፤ በተረፈችው ላይ ትንሽ ጨምሬ ሚሞሪ ካርድ ገዛሁ፣ መክተቻ ስላለው። የ9ኛ ክፍል መጻሕፍት ሁሉ ኔት ሳይፈልጉ ገብተውበታል።

አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። እሷ ባዮሎጂ ላይ ናት። ስልኬ እጄ ላይ ነው። እስካሁን የደወለ ሰው የለም።