ስልኬ ከመኪናው ጋር ይገናኛል፣ ሬዲዮዋ ግን በስፒከር አትሰማም

የጣርማ በር መንገደኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የምመላለስ የአባዱላ ሹፌር ነኝ። እኛ ጋ ማሰራጫዋ አቅሙ ትንሽ የሆነ አንዲት ሬዲዮ አለች። የጠፋ ከብት፣ የለቅሶ መልእክት፣ የበግና የባቄላ ዋጋ የምሰማው ከሷ ነው። ተሳፋሪውም ይወዳታል፣ እናቶች «ድምፁን ከፍ አርገው ልጄ» ይሉኛል። ችግሩ ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስደርስ መንሿሿት ትጀምራለች፣ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስወርድ ጭራሽ የለችም። አሁን በኢንተርኔትም ስለምትተላለፍ በስልኬ ከፍቼ በብሉቱዝ ወደ ቴፑ ልወስዳት ሞከርኩ። ስልኩ ተገናኝቷል ይላል። ሰው ሲደውል በመኪናው ስፒከር ጥርት ብሎ ይሰማል። ሬዲዮዋን ስከፍት ግን ድምፁ ከስልኩ ብቻ ነው የሚወጣው። አንድ ቀን ሠራልኝና ስክሪኑ ከጠፋ ትንሽ ቆይቶ ተቋረጠ። አንድ ሱቅ ባሳየው ቴፑ ይቀየር አሉኝ፣ ብሩ ደግሞ ቀላል አይደለም። እስኪ የምታውቁ እርዱኝ።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦
ወንድሜ ቴፑን እንዳትቀይር! ጥሪ ከተሰማ ብሉቱዙ ጤነኛ ነው። የጥሪ ድምፅና የሙዚቃ ድምፅ በብሉቱዝ ለየብቻ ነው የሚሄዱት፣ አንዱ በርቶ ሌላው ሊጠፋ ይችላል። ስልክህ ላይ ብሉቱዝ ውስጥ ገብተህ ከመኪናው ስም አጠገብ ያለችውን ምልክት ንካና «ሚዲያ ኦዲዮ» የሚለው መብራቱን እይ። ቴፑም ብሉቱዝ ላይ መሆን አለበት፣ ፍላሽ ወይም ኤፍኤም ላይ ሆኖም ጥሪ ስለሚቀበል ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ይሄ ካልፈታው ግንኙነቱን ከስልኩም ከቴፑም ሰርዘህ እንደገና አገናኝ። ከአንዱ ብቻ መሰረዝ አይበቃም። ቴፑ የሚይዘው ስልክ የተወሰነ ነው፣ የረዳቱም የተሳፋሪውም ስልክ ተመዝግቦበት ሞልቶ ይሆናል።

መንዜዋ፦
እኔ ደግሞ ስለ መቋረጡ ልበል። መጀመሪያ ስልክህ ላይ የተጫነ መዝሙር ወይም ዘፈን ክፈትና ስክሪኑን ዝጋው። እሱ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ጥፋቱ ከብሉቱዙ አይደለም፣ ከኔትወርኩ ወይም ከአፑ ነው። ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከኋላ የሚሠራ አፕ ይዘጋሉ። ለሬዲዮዋ አፕ ብቻ የባትሪ ቁጠባውን አንሳላት። የድምፅ ጥራት ምርጫ ካለው ደግሞ ዝቅተኛውን ያዝ። ጥራቱ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ከሆነ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚበላው፣ በ128 እጥፉ። ለወሬና ለዜና 64 ከበቂ በላይ ነው፣ ኔትወርክ ሲደክምም ቶሎ አይቆምም።

የድሮ ሹፌር፦
ልጄ፣ ሬዲዮዋ የምትጠፋብህ ኤፍኤም በቀጥታ ስለሚሄድ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ትወርዳለች። ጣርማ በርን ካለፍክ ተራራው በመሀል ይገባል፣ የትኛውም አንቴና አያድንህም። ብሉቱዝ የሌለው ቴፕ ያላችሁ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክቶ የስልኩን ድምፅ ወደ ቴፑ ሬዲዮ የሚልከውን ትንሽ ኤፍኤም ማሰራጫ ግዙ። ባዶ ሞገድ ምረጡለት፣ ሌላ ጣቢያ ያለበት ላይ ካረጋችሁት ይጮህባችኋል። ቴፑ የጃፓን ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ76 እስከ 90 ብቻ ነው የሚይዘው፣ ማሰራጫውን ከ90 በታች አርጉት። አንድ ነገር አደራ፣ ይሄን ሁሉ መነሻህ ላይ ጨርስ። ጉም በወረደበት ጠመዝማዛ ላይ ስልክ አይነካም፣ የግድ ከሆነም ረዳቱ ይንካው።

የጣርማ በር መንገደኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ትናንት ሞከርኩት። «ሚዲያ ኦዲዮ» ጠፍቶ ነበር! ቴፑ ላይም ስድስት ስልክ ተመዝግቦ አገኘሁ፣ ሁሉንም ሰርዤ የኔን ብቻ አስገባሁ። መንዜዋ እህቴ፣ የባትሪውም ነገር ልክ እንዳልሽው ነበር። አባቴ፣ ሁሉንም መናኸሪያ ቆሜ ነው ያስተካከልኩት። ከዋሻው ስወጣ ለአፍታ ዝም አለችና ራሷ ተመለሰች። ደብረ ሲና ቆሜ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ሲከቡን የበግ ዋጋ እያነበበች ነበር።