የወላጆች ፍቺና የልጅ ልብ በሂንዲ ልብ ወለድ

ጥያቄ፣ ከ«የመጽሐፍ ወዳጅ»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የማኑ ብሃንዳሪን «አፕካ ባንቲ» አንብቤ ከጨረስሁ ሳምንት አለፈኝ፤ ሕፃኑ ግን ከሐሳቤ ሊወጣ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ለኅትመት የበቃው ይህ የሂንዲ ልብ ወለድ የሻኩንንና የአጀይን ፍቺ የሚተርከው በአብዛኛው በልጃቸው በባንቲ ዓይን ነው። እናቱ የኮሌጅ ርእሰ መምህርት ናት፤ አባቱ በካልካታ ይኖራል። በታሪኩ ውስጥ በልጁ ላይ ሆን ብሎ የሚጨክን ክፉ ሰው የለም፤ ሁለቱም ወላጆቹ ይወዱታል። ታዲያ ጉዳቱ ይህን ያህል የከበደው ለምንድን ነው? ደራሲዋስ ፍቺን ለማውገዝ ጽፋዋለች ማለት ይቻላል?

መልስ፣ ከ«የሂንዲ ተማሪ»

ጉዳቱን ያከበደው ባንቲ ነገሩን በግማሽ ማወቁ ይመስለኛል። የመጽሐፉን መክፈቻ ያስታውሱ። እናቱ ወደ ሥራ ለመሄድ በመስታወት ፊት ስትዘጋጅ ባንቲ በጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች ያያል፤ የቤቷን እናት ወደ ኮስታራ ርእሰ መምህርትነት የሚለውጣት በእነርሱ ውስጥ ያለ አንዳች አስማት እንደሆነ ያስባል። ስለ ፍቺ ገና ማንም አልነገረውም፤ እናት ልትለወጥ ትችላለች የሚለው ፍርሃት ግን ከወዲሁ በልቡ አድሯል። ኋላ እናቱ የምታገባው ዶክተር ጆሺ ወደ ሕይወታቸው ሲገባ ያ ፍርሃት ሥጋ ለበሰ።

አባቱ ሲመጣ የሚያርፈው በመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ነው፤ ልጁን ወደዚያ ያስጠራዋል፤ አሻንጉሊትም ይሰጠዋል። ባንቲ ወደ ቤት ሲመለስ ደግሞ እናቱ በጉጉት ትጠብቀዋለች፤ ልጁም ምን ቢናገር እንደምትደሰት፣ ምን ቢናገር እንደምታዝን መመዘን ይጀምራል። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የሁለት አዋቂዎችን ልብ ተሸክሞ ሲመላለስ ማየት። ሻኩን በልጇ በኩል ባሏን መልሳ ለማግኘት ተስፋ የምታደርግበት ጊዜ አለ፤ በእርሱ ልትቀጣው የምትፈልግበትም ጊዜ አለ። ፍቅሯ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ያ እውነተኛ ፍቅር ራሱ ልጁን መሣሪያ ከመሆን አላዳነውም።

መልስ፣ ከ«መምህር»

በአመዛኙ እስማማለሁ፤ ሆኖም ሁለተኛው ጥያቄዎ ሳይመለስ እንዳያልፍ እፈልጋለሁ። ብዙ አንባቢዎች ለባንቲ ሲያለቅሱ ሻኩንን ይከስሳሉ፤ ይህ መጽሐፉን ማጉደል ነው። ደራሲዋ ትረካውን ከልጁ ዓይን አውጥታ በሻኩን ሐሳብ ውስጥ የምታሳልፍባቸው ምዕራፎች ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እናትም የራሷ ሕይወት ያላት ሰው እንደሆነች ያሳዩናል። በሕንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ፍቺን የፈቀደው በ1955 ነበር፤ በስምምነት መፋታት በሕጉ የተጨመረው ግን በ1976 ማለትም መጽሐፉ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ዘመን ተፋትታ እንደገና ያገባችን ሴት ሳያጥላሉ መጻፍ ትልቅ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ለማነጻጸር የሞሃን ራኬሽን «ኤክ ኦር ዚንደጊ» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ ቢያነቡ ይጠቅምዎታል። በዚያም የተፋቱ ባልና ሚስት፣ በመካከላቸውም ፓላሽ የሚባል ትንሽ ልጅ አሉ፤ ነገር ግን ታሪኩ የአባቱ የፕራካሽ ነው። ጉም በሸፈነው የተራራ ከተማ ልጁን የምናየው በአባቱ ናፍቆት በኩል ስለሆነ የፓላሽ ልብ እንደ ተዘጋ ይቀራል። ብሃንዳሪ ያንን የተዘጋ በር ነው የከፈተችው።

መልስ፣ ከ«የመጽሐፍ ወዳጅ»

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሻኩንን እኔም ስከስሳት እንደነበር አሁን ታወቀኝ። ርእሱ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። «አፕካ» በሂንዲ የአክብሮት «የእርስዎ» ነው፤ በአማርኛ «ያንተ ባንቲ» ቢባል የሚጠፋውን «የእርስዎ ባንቲ» ይመልሰዋል። ልጁ ለማያውቀው ትልቅ ሰው፣ ምናልባትም ለአንባቢው፣ ራሱን በትሕትና የሚያቀርብ ይመስላል።

መልስ፣ ከ«የሂንዲ ተማሪ»

ስለ መጨረሻው አልተነጋገርንም። ባንቲ በዶክተር ጆሺ ቤት ከዶክተሩ ልጆች ከጆትና ከአሚ ጋር መኖር አልሆነለትም፤ ወደ አባቱና ወደ አዲሷ ሚስቱ ወደ ሚራ ቢሄድም በዚያም ቦታ አላገኘም፤ በመጨረሻ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ከመጽሐፉ በተሠራው ፊልም ግን ልጁ ይሞታል። ብሃንዳሪ ሥራዬ ተዛብቷል ብላ ጉዳዩን እስከ ዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አድርሳዋለች፤ የ1986ቱ ውሳኔም በሕንድ የደራስያን የሞራል መብት፣ ማለትም ሥራቸው እንዳይዛባ የመከላከል መብት፣ ሲነሣ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ደራሲዋ የተቃወመችበት ምክንያት ይገባኛል። ልጁ ቢሞት ተመልካቹ አልቅሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ባንቲ በሕይወት አለ፤ በባቡር ተቀምጦ ወደማያውቃቸው ሰዎች እየሄደ ነው።